ተረትና እውነታ፦ «ያልፈለገ ይለፈው»

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ እናታቸውን ቀበሩ፤ እኔ ግን ቀብር አልደረስኩም። የሰማሁት በሠልስቱ ቀን፣ ዳቦ ልገዛ ወደ ሱቅ ስወርድ ነው። የዕድሩ ጥሪ በነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ተለጥፎ ነበር። ከሥሩ ግን ሶፋ፣ ሽቶ፣ የዱባይ ልብስ፣ «በ20 በመቶ ቅድመ ክፍያ» የሚል አፓርታማ ተደራርቦበታል። እኔም በማስታወቂያው ብዛት ተማርሬ የግሩፑን ድምፅ ከዘጋሁ ወራት አልፈው ነበር። ለቅሶ ቤት ስገባ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ «ማስታወቂያ ማንን ይጎዳል? ያልፈለገ ይለፈው» ሲባል በዝምታ መስማት አልችልም።

አባባሉ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ሱቅ መከራየትም ሆነ በቴሌቪዥን ማስነገር አቅም ይጠይቃል። ቤቷ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እናት ደንበኞቿ እዚያው ሕንፃ ላይ ናቸው፤ ለጎረቤት ብትናገር ምን ነውር አለው? አንድ መልእክት ማለፍም በእርግጥ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው።

ስሕተቱ ሒሳቡ ላይ ነው። ሻጩ የሚያስበው የራሱን አንዲት መልእክት ብቻ ነው፤ አባሉ ዘንድ የሚደርሰው ግን የሻጮች ሁሉ ድምር ነው። ስልኩ በቀን 40 ጊዜ ሲጮኽበት ሰው እየመረጠ አያልፍም፤ ጠቅላላውን ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚቀርበት ሶፋው ብቻ አይደለም። ውኃ የሚመጣበት ቀን፣ የጠፋ ልጅ ፎቶ፣ የዕድር ጥሪ አብረው ይቀሩበታል። በዚያ ላይ ፎቶና ቪዲዮው በራሱ እየወረደ፣ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ጥቅል ይበላል። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሲጣራ አጠገቡ ቆሞ «ሶፋ! ሶፋ!» እያለ የሚጮኽ ሰው ቢኖር የትኛው ሰፈር ዝም ይለው ነበር? በስልክ ሲሆን ግን ንግድ ነው ተብሎ ይታለፋል። «ያልፈለገ ይለፈው» እያሉ የሚከራከሩኝ ሰዎች ትዕግሥቴን ጨርሰውታል፤ የሌላውን ጆሮ እንደ ባዶ ግድግዳ ይቆጥሩታልና።

ነገሩ ከቴሌግራም በፊትም ነበር፤ ስመ ጥር ያደረገውም እኛ በደንብ የምናውቀው ዲቪ ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም. ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች፣ በግሪን ካርድ ሎተሪ እናግዛችሁ የሚል ማስታወቂያ ዩዝኔት በሚባለው መረብ ከ5,000 በሚበልጡ የውይይት ቡድኖች ውስጥ ለጠፉ። ቡድኑ የሚወያይበት ርእስ ምንም ይሁን ምን ማስታወቂያው ደረሰው፤ በአምስት ቡድን የሚሳተፍ ሰው ያንኑ ጽሑፍ አምስት ጊዜ አገኘው። የተቃውሞው መልእክት ብዛት የኢንተርኔት አቅራቢያቸውን ኮምፒውተሮች እስከማቆም ደረሰ፤ አቅራቢውም ደንበኝነታቸውን ሰረዘ። ጥንዶቹ ግን ብዙ ገንዘብ አተረፍንበት ብለው ይባስ መጽሐፍ ጻፉበት። ካንተር በ1997 እ.ኤ.አ. በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ማስታወቂያ ነበር።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ቦታ አይሹም።

«አድሚኑ ዝም ካለ ፈቅዷል።» አልፈቀደም። እሱም ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግሩፕ ሲጠብቅ አይውልም። አስቀድሞ መጠየቅ ነው እንጂ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር ማለት ደንበኛ ይስባል።» የሚስበው ጥርጣሬ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። በሱቅ የሚለጠፍ ዋጋ ስልክ ላይ ሲሆን የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

«ግሩፕ የግል ነው፤ ሕግ አይመለከተውም።» ገና በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ከማስታወቂያ ማሰራጫዎች መካከል ቴሌኮምንና የኢንተርኔት ድረ ገጽን ዘርዝሯል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ከልክሏል። ያላየውን ቤት «የመጨረሻ ዕድል» እያለ የሚለጥፍ ደላላ ይህን ቢያነብ ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልቆረጠልኝም፤ እንጀራ ጋጋሪዋን ከደላላው እኩል መከልከል ተገቢ ነው? አንዳንድ ቀን «አዎ፣ ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» እላለሁ፤ ሌላ ቀን እንጀራዋን እየቆረስኩ ሐሳቤን እለውጣለሁ። በሳምንት አንድ የገበያ ቀን ብንሰጣት፣ ከአንድ ፎቶና ከአንድ ዋጋ ጋር፣ የሚቀየማት ያለ አይመስለኝም።

አድሚን የሆናችሁ ሁሉ፣ መሣሪያው በእጃችሁ ነው። ቴሌግራም ማን መለጠፍ እንደሚችል መወሰን፣ አንድ አባል በሁለት መልእክቶቹ መካከል እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግ፣ ደንቡንም ሁሉም እንዲያየው ከላይ መሰካት ይፈቅድላችኋል። ለገበያው ሌላ ግሩፕ ክፈቱለት፤ የዕድሩን ለዕድር ተዉልን።