ጥር ላይ የሚከፈል ዱቤ

ክረምት ሲገባ በመንደራችን ጥሬ ገንዘብ አይገኝም። ገበሬው ያለውን ለማዳበሪያ አውጥቶታል፤ ጎተራውም ተራቁቷል። ሐምሌና ነሐሴ ጨውም ሳሙናም ክብሪትም ከሱቄ የሚወጣው በዱቤ ነው። ገንዘቡ የሚገባልኝ እህሉ ተወቅቶ ጥር ላይ ሲሆን፣ አበዳሪዬ ግን በየወሩ ይጠብቀኛል። ሱቅ ለመክፈት ያሰበች እናት ከብድሩ መጠን በፊት ይህን ታስላ።

አነስተኛ ብድር በአገራችን ሕጋዊ መልክ የያዘው በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ነው። አብቁተን፣ ደደቢትንና ኦሞን የመሳሰሉት ተቋማት የተስፋፉት ከዚያ ወዲህ ነው። እንደኔ ባሏ ሞቶባት፣ የሚያዝ ንብረት ለሌላት ሴት ዋስትናው ጎረቤት ነው። አምስት ሆነን ተደራጀን፤ አንዷ ካቃታት አራታችን እንከፍላለን። ባሏ ጠጪ የሆነባትን ሴት አላስገባናትም። ጭካኔ ነው ያሉን ነበሩ፤ ብሩን ማን እንደሚበላው ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ብድር ዕቃ ብቻ ገዛሁበት። ሳሙናውን ከሌላ ሱቅ በፍሬ ማምጣት ትቼ ከወረዳው ከተማ በካርቶን አወረድኩ፤ ትርፌ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ዘይት ከዐቢይ ጾም በፊት፣ ደብተርና እስክርቢቶ ትምህርት ሳይከፈት አስገባለሁ። በገበያ ቀን ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ፤ የወሩን ክፍያ የሚሸፍንልኝ እሱ ነው፣ በዱቤ አይሄድማ! ለእያንዳንዱ ቤት የዱቤ ጣሪያ አለኝ። ለቅሶ የተቀመጠ ቤት ሲሆን ግን የዱቤ ደብተሩን አላይም።

ሳትፈርሙ ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቁ። 10,000 ብር ተበድራችሁ 5,000ውን ከመለሳችሁ በኋላ ወለዱ በቀሪው 5,000 ላይ ነው የሚታሰበው ወይስ አሁንም በ10,000ው? መቶኛው አንድ ዓይነት ሆኖ የምትከፍሉት በጣም ይለያያል።

የብድር ሠራተኛውን በየዓመቱ የምለምነው በክረምት ወለዱን ብቻ ከፍዬ ዋናውን ጥር ላይ እንድመልስ ነው። «እንዲህ ያለው የሚፈቀደው ለእርሻ ብድር ነው፣ የአንቺ ንግድ ነው» ይለኛል። የሚከፍሉኝ ገበሬዎች፣ የሚከፍሉኝም ከአውድማ በኋላ ከሆነ፣ ታዲያ የኔ ሱቅ ከእርሻ በምን ተለየ?