ልጁን በቤት የሚያስተምር ምን ይምረጥ?

በአቀስታ ደጋ ሕፃን ልጅ ደብተር ሳይዝ ብዙ ይማራል። የበግ ጠጕር በእንዝርት ተፈትሎ ባና ሲሆን ያያል፤ ማታም በእሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ ይሰማል። ይህን ግን ትምህርት ነው የሚል ጥቂት ነው።

ትምህርት ነው ያሉ ሰዎች በጀርመን አገር ተገኝተዋል። በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ፈላስፋው ሩዶልፍ ሽታይነር በሽቱትጋርት ከተማ ለዋልዶርፍ አስቶሪያ ሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ። የዋልዶርፍ ትምህርት መባሉም ከዚህ የመጣ ነው። በዚያ ወንዱም ሴቱም ሹራብ መሥራት ይማራል፤ ተረት ከንባብ ይቀድማል፤ ፊደልም በሰባት ዓመት ገደማ ከሥዕል እየወጣ ይጠናል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ልጃቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ይህን ዘዴ ይከተላሉ።

የኛ አገር ወላጅ ቢመርጠው ሥዕሉን ከሩቅ አያመጣም። በግዕዝ የ«በ» ስም ቤት፥ የ«ዐ» ስም ዐይን ነው። ሁለት እግር ያለው ጎጆና ክብ ዐይን ሥሎ ማሳየት ይበቃል። «መ» ማይ፥ ማለት ውሃ፤ «ረ» ርእስ፥ ማለት ራስ ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ይህ ትምህርት ንባብን በዝግታ ያስኬዳል። ልጁ ነገ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ አቀላጥፈው ሲያነቡ እሱ ቢንተባተብ የሚያፍረው ልጁ እንጂ ሽታይነር አይደለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም ሹራብ አይጠይቅም።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፥ ተረቱን፥ ሥዕሉንና የእጅ ሥራውን ውሰድ፤ ዝግታውን ግን በልጅህ ዕድል መዝነው። ጧት እንዝርት የያዘች እጅ ከሰዓት በኋላ እርሳስ ብትይዝ የሚከለክላት የለም።