የጥላ ካቢኔ፦ ተጠያቂነቱ ለማን ነው?

ስለ ምዕራብ አውሮፓ የፓርላማ ሥርዓት ሲነገር «የጥላ ካቢኔ» የሚለው አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል። ሚኒስቴር የሌለው ሚኒስትር፣ ግምጃ ቤት የሌለው የፋይናንስ ኃላፊ ሲባል ለሰሚው «ላም አለኝ በሰማይ» ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ አንድን የፖለቲካ ተቋም በስሙ ብቻ መመዘን ተገቢ አይደለም። በመሆኑም የጥላ ካቢኔ ምን እንደሆነ፣ ከማዕከላዊው መንግሥት ከፊል ሥልጣን በተሰጠው ምክር ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ተጠያቂነቱም ለማን እንደሆነ በስኮትላንድ ምሳሌነት እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥላ ካቢኔ ስንል ምን ማለታችን ነው? መንግሥት ያልያዘ ፓርቲ መሪ፣ ከምክር ቤት አባሎቹ መካከል መርጦ በየሚኒስትሩ አንጻር አንዳንድ ተከራካሪ ሲመድብ የሚቋቋመው ቡድን ነው። የጤናው ተከራካሪ የጤና ሚኒስትሩን ይጠይቃል፤ የፋይናንሱ ተከራካሪ በጀቱን ይመረምራል። ልማዱ የበቀለው በለንደን ፓርላማ ሲሆን፣ በ1937 የወጣ ሕግ ለዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ከመንግሥት ደመወዝ እንዲከፈለው አድርጓል። የአሠራሩ ጠቀሜታ ግልጽ ነው። ነቀፌታ በጅምላ የሚወረወር መሆኑ ይቀርና ባለቤትና የሥራ ድርሻ ይኖረዋል፤ ሕዝቡም ነገ ሥልጣን ሊይዝ የሚችለውን ሰው ዛሬ አይቶ ሊመዝነው ይችላል።

ወደ ስኮትላንድ እንምጣ። በ1997 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 74.3 በመቶ የሚሆነው የራስ ምክር ቤት እንዲቋቋም ፈቀደ። 129 መቀመጫዎች ያሉት ምክር ቤትም በ1999 በኤዲንብራ ሥራውን ጀመረ። ጤና፣ ትምህርት፣ ፍትሕና የአካባቢ አስተዳደር ለዚህ ምክር ቤት ሲሰጡ፣ መከላከያና የውጭ ጉዳይ በለንደን እጅ ቀሩ። በሌላ አነጋገር የመንግሥቱ ቁመት ራሱ የተወሰነ ስለሆነ ጥላውም በዚያው ልክ ያጠረ ነው።

ያጠረ ይሁን እንጂ ኃይል አልባ አልነበረም። በ2007 ምርጫ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ 47፣ ሌበር ፓርቲ 46 መቀመጫ አገኙ። በአሌክስ ሳልመንድ የሚመራው መንግሥት በአንድ መቀመጫ ብቻ በልጦ፣ የምክር ቤቱን አብላጫ ሳይዝ ሥልጣን ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የተቃዋሚዎቹ ቃል ንግግር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ውሳኔ ሆነ።

የመጀመሪያው ምሳሌ የኤዲንብራ ትራም ነው። አዲሱ መንግሥት ይህን የከተማ ባቡር ዕቅድ ለመሰረዝ ፈልጎ ነበር። በጁን 2007 ግን ተቃዋሚ ፓርቲዎች ድምፃቸውን አስተባብረው ሥራው እንዲቀጥል አስወሰኑ። መንግሥት ውሳኔውን ቢቀበልም የገንዘብ ድርሻውን በ500 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰነ፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱንም ከቅርብ ቁጥጥሩ አራቀ። መስመሩ ከታቀደው አጥሮ፣ ከታቀደበት ጊዜ ዘግይቶ በ2014 ተከፈተ፤ ወጪውም ወደ 776 ሚሊዮን ፓውንድ አሻቀበ። በ2023 ይፋ የሆነው የምርመራ ሪፖርት የከተማውን ምክር ቤት፣ ሥራውን የመራውን የከተማውን ኩባንያና የስኮትላንድ ሚኒስትሮችን ነቅፏል። ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ያላመነበትን ሥራ የተሸከመው መንግሥት ዓይኑን ከሥራው ላይ አነሳ፤ ሥራው ይቀጥል ብለው እጃቸውን ያወጡት ደግሞ መሪውን አልጨበጡም። በሁለቱ መካከል የወደቀውን ዕዳ የከፈለው ግብር ከፋዩና መንገዱ ለዓመታት ተቆፍሮበት የከረመው ነዋሪ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የተሻለ ፍሬ አሳይቷል። በጃንዋሪ 28 ቀን 2009 የመንግሥት በጀት ለድምፅ ሲቀርብ 64 ለ64 እኩል ተከፈለ፤ በአፈ ጉባኤው ወሳኝ ድምፅም ወደቀ። በኢየን ግሬይ ይመራ የነበረው ሌበር ለወጣቶች ተጨማሪ የሙያ ልምምድ ቦታ እንዲመደብ ጠይቆ ነበርና፣ ጥያቄው ምላሽ ሲያገኝ በሳምንቱ በጀቱን ደግፎ አሳለፈ። እዚህ ላይ ተቃውሞው ለተቃውሞ ሲባል ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ምን እንደሚፈልግ አውቆ፣ የፈለገውንም ለሠርቶ አደሩ ልጅ አስገኝቶ ተመለሰ።

ይሁንና ጥላው ለማን እንደሚጠየቅ ካልተለየ የምክር ቤት ብልሃት ብቻውን አይበቃም። በኦክቶበር 2014፣ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔው በተካሄደ በወሩ፣ የስኮትላንድ ሌበር መሪ ጆሃን ላሞንት ሥራቸውን ለቀቁ። ምክንያታቸውንም ሲገልጹ፣ የለንደኑ የፓርቲ አመራር የስኮትላንዱን ፓርቲ እንደ አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ይቆጥረዋል አሉ። በኤዲንብራ መንግሥትን «ለሕዝቡ ተጠየቅ» የሚለው ቡድን፣ ራሱ የመጨረሻውን ቃል ከሌላ ከተማ የሚጠብቅ ከሆነ ጥያቄው ክብደቱን ያጣል። በ2015 የብሪታንያ ምርጫ ሌበር በስኮትላንድ ከነበሩት 41 መቀመጫዎች የቀረው አንድ ብቻ ነበር። በ2016ም በኤዲንብራ ምክር ቤት ወደ ሦስተኛነት ወረደ። ለዚህ ውድቀት ሕዝበ ውሳኔው ያስነሳው የስሜት ለውጥ ታላቅ ድርሻ ነበረው። ሆኖም ፓርቲው የማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መክረሙ ውድቀቱን አባባሰው እንጂ አላቃለለውም።

እንግዲህ የጥላ ካቢኔ ባዶ ስም ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። የሕዝብ ዋስትና ነው ብሎ በጭፍን ማወደስም እንዲሁ። የሚመዘነው በሦስት ጥያቄዎች ነው፦ የሚነቅፈውን ነገር በምን ሊተካው እንደሚፈልግ ያውቃልን? ድምፅ የሰጠበትን ሥራ እስከ ፍጻሜው ይከታተላልን? የመጨረሻውን ቃል የሚሰማው ከመረጠው ሕዝብ ነው ወይስ ከበላይ አለቃ?

እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለከቱት የኤዲንብራን ምክር ቤት ብቻ አይደለም። በቀበሌ ስብሰባ፣ በሠራተኛ ማኅበር ጉባኤ፣ በኅብረት ሱቅ ኮሚቴ ውስጥ እጁን አውጥቶ «ይሠራ» ወይም «ይቅር» የሚል ሁሉ ሊጠየቃቸው ይገባል። ስብሰባው ሲበተን የድምፁ ኃላፊነት አብሮ አይበተንም፤ ጉድጓዱ ሲቆፈርና ሒሳቡ ሲመረመርም እዚያው መገኘትን ይጠይቃል።