ተጨማሪ መረጃ፦ ፖሊስ ራሱ ሲጠረጠር

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ፣ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጳጉሜን 2 ቀን የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ዘይኑ ጀማል የምርመራውን ውጤት ሲገልጹ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው አሉ። ብዙ ሰው አላመነም። እናንተ ተማሪዎችም ክርክሩን ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል።

«ኃላፊው እውነቱን ደብቀዋል» የሚል ውንጀላ እንዴት ይመዘናል? አንድ ነገር ተፈጽሟል የሚል ወገን በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታው የማስረዳት ሸክም ይባላል። የጥርጣሬው ስፋት ማስረጃ አይደለም። የፖሊስ ዝምታም እንዲሁ፤ ምርመራው እንዳይበላሽ ዝም ሊል ይችላልና። ግን መርማሪውና ተጠርጣሪው አንድ ተቋም ሲሆኑ «እመኑኝ» ማለት ከቶ አይበቃም፤ የአስከሬንና የመሣሪያ ምርመራውን ገለልተኛ አካል ሊያየው ይገባል። ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ አቤቱታ ባይቀርብለትም የመብት ጥሰትን በራሱ ተነሳሽነት መመርመር ይችላል።

ሞክሩት፦ በቅርቡ የሰማችሁትን አንድ ውንጀላ ውሰዱ። በዓይን የታየውንና በሰነድ የተያዘውን በአንድ ዓምድ፣ «ተባለ» የተባለውን በሌላው ጻፉና ለክፍል ጓደኞቻችሁ አሳዩ።