በጎጃም ሜዳ ካሜራ ለሚጀምር

ምዕራብ ጎጃምን በምስል የመያዝ ታሪክ ከካሜራ ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ የአንዱን ዕፅ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ለይቶ ይስላል፤ ሥዕሉን ያየ ሰው ዛፉን ጫካ ውስጥ ቢያገኘው አይስተውም። ብሩስ በመጽሐፉ የሚገባውን ስፍራ አልሰጠውም፤ ሰውየውም ብዙ ሳይቆይ ጎንደር ላይ ሞተ። ብዙዎቹ ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ በየል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። ለጀማሪ ከዚህ ሰው የተሻለ መምህር አላውቅም።

ለመጀመር የእጅ ስልክ ይበቃል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መወልወል፣ ስክሪኑ ላይ ሊያነሱት የፈለጉትን ነገር በጣት ነክቶ ፎከሱን ማስያዝ፣ ሰማዩ ከነጣ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፤ ለመነሻ ይኸው ነው። የብዙ ስልኮች ዙም ምስሉን ቆርጦ ያሰፋል እንጂ ወፉን አያቀርብም፤ ስለዚህ እግር ካልቀረበ ስልክ አይረዳም። ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ የሻተሩን ፍጥነት ይልመድ። የሚበር ወፍ በሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ካልተነሳ ክንፉ ይደበዝዛል፤ ፏፏቴ ግን በግማሽ ሰከንድ ሲነሳ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ለዚህኛው ትሪፖድ ከሌለ ድንጋይ ላይ ማስደገፍ ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ፀሐይ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የወጣች ፀሐይ ሽቅብ ትሮጣለች። አውሮፓውያን የሚያወሩለት ወርቃማ ብርሃን ፍኖተ ሰላም ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ነው። ሚያዝያ 10 አካባቢ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ እግር ሥር ይገባል፤ ያኔ ካሜራውን ከቦርሳ ባያወጡት ይሻላል። ደመና የሸፈነው የክረምት ቀን ግን ለቅጠልና ለአበባ ከሁሉ ይመቻል።

ወራቱም የየራሳቸው ነገር አላቸው። መስከረም የአደይ ነው፤ ጥቅምት ላይ የኑግ ማሳ ቢጫ ይለብሳል፤ ዋንዛም ነጭ አበባውን አውጥቶ ንብ ይጠራል። በጋው ሲጠና አቧራው ርቀቱን ስለሚያደበዝዝ ቅርብ ቅርቡን ማንሳት ነው። ፍሬ የያዘ ሾላ ወይም ዋርካ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ፤ ርግቡም ጦጣውም እዚያው ይመጣል። ጋጋኖ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኘው ዝርያ፣ እርጥብ መስክ ላይ ትል ሲለቅም ይውላል፤ ቀጥ ብለው ካልሄዱበት አይሸሽም። የቡሬ በቆሎ ሲደርስ ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ የሚያጮሁ ልጆችን መጠየቅም ብልህነት ነው። ዝንጀሮ በየት በኩል እንደሚወርድ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አገር በቀሉ ደን በአብዛኛው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ወይራው፣ ጽዱ፣ ዶቅማው፣ ዕድል ከገጠመም ጉሬዛው። ኪረን ዶድስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ፎቶግራፈር በጣና ዙሪያ ያሉትን እንዲህ ያሉ ደኖች ከአየር አንስቶ ለዓለም አሳይቷል። እኛ ግን በእግር እንገባለንና ከበር ላይ ቄሱን «አባ፣ ዛፎቹን ላንሳ፣ ይፈቀድልኛል?» ማለት ይገባል። ገበሬም በማሳው ካሜራ ሲያይ ምን ፈልጋችሁ ነው ቢል እውነት አለው፤ ሰላምታ አስቀድሞ ያነሱትን ማሳየት ብዙ በር ይከፍታል። ድልድይ፣ ኬላና የወታደር ሰፈር አይነሳም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። መንገዱ ባልተረጋጋበት ሰሞን ደግሞ የግቢ ዛፍና የጓሮ ወፍ ይበቃል፤ ለፎቶ ብሎ ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ሞኝነት ነው።

ያነሳችሁትን ስታስቀምጡ ቀኑን፣ ቀበሌውንና አገሬው ለዛፉ ወይም ለወፉ የሚሰጠውን ስም አብራችሁ ጻፉ። አይናቹራሊስት የተባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ ብትጭኑት ዝርያውን የሚያውቁ ሰዎች ያረጋግጡላችኋል፤ ምስሉም ለተመራማሪ መረጃ ይሆናል።