ልጅዎ «ድራይቨር እጽፋለሁ» ሲልዎ፦ ቁልፍ የሚያስፈልገው መቼ ነው?



በቅርያት ማልአኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ከወላጆች ጋር ስንቀመጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመን ነገር አለ። ልጁ ከሠራዊት ወጥቶ፣ ኮምፒዩተር ተምሮ ሥራ ይይዛል። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ድራይቨር እጽፋለሁ» ይላል። እናት ታዲያ «ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ሹፌር ሆነ?» ብለው ያዝናሉ፤ ልጁም ማስረዳት ሲያቅተው ዝም ይላል። እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አይደለንም። ሆኖም ወጣቶቹን ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን፣ በተለይ ለሥራ ሲፈተኑ አዘውትሮ የሚነሣውን የ«ቁልፍ» ጉዳይ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ የእያንዳንዱን ማተሚያ፣ ካሜራ ወይም የኢንተርኔት መሣሪያ ቋንቋ አያውቅም። በኩፓት ሆሊም ሐኪሙና ታማሚው መካከል ሰው ቆሞ እንደሚያስተረጉም ሁሉ፣ ድራይቨሩም በኮምፒዩተሩና በመሣሪያው መካከል ይቆማል። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያናግረው ነው።

በእቁብ እንመስለው። ሁለት ሰብሳቢዎች አንድ ደብተር ይጋራሉ፤ ደብተሩ ላይ 3,000 ሸቀል ተጽፏል። አንደኛው 200 ሸቀል ተቀብሎ ደብተሩን አየና 3,000 መሆኑን በልቡ ያዘ። እሱ ሳይጽፍ ሁለተኛዋ ሌላ 200 ተቀበለች፤ እሷም 3,000 አይታ 3,200 ብላ ጻፈች። አንደኛው ተመልሶ በልቡ በያዘው ላይ 200 ደምሮ እሱም 3,200 ብሎ ጻፈ። በእጅ ያለው 3,400፣ ደብተሩ የሚለው 3,200። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም፤ ሰው ግን ይጣላል። መፍትሔው ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አድርጎ ለሳጥኑ አንድ ቁልፍ ብቻ ማበጀት ነው። ቁልፉን የያዘ ያነባል፣ ይደምራል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ይመልሳል። በኮምፒዩተርም «ሎክ» የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ይቆለፍ ወይ? አይደለም። ቁልፍ ወረፋ ያመጣል፣ ሥራ ያዘገያል። የሚያስፈልገው ነገሩ የጋራ ሲሆን፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መሃል መግባት ሲችል፣ ቢያንስም አንዱ ነገሩን የሚለውጥ ሲሆን ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ አያስፈልግም። ሁሉም እያነበበ ማንም የማይለውጠው ከሆነ ይቅር። እያንዳንዱ በራሱ ብጣሽ ወረቀት ላይ የሚያሰላ ከሆነም ይቅር። ድራይቨሩ ገና መሣሪያውን እያዘጋጀ፣ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ለሲስተሙ ሳያስታውቅም ቁልፍ አይፈልግም፤ ሱቁ አልተከፈተማ! ካስታወቀባት ቅጽበት ጀምሮ ግን ደንበኛ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ሱቁ ሲዘጋም እንዲሁ፦ ውስጥ የቀረ ሰው መኖሩን ሳያዩ ዕቃ ማውጣት ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሌላው በሚጽፍበት ጊዜ አንባቢም ቁልፉን መውሰድ አለበት፤ አለዚያ ግማሹ የተለወጠ፣ ግማሹ ያልተለወጠ ገጽ ያነባል። አንድ ሰው ብቻ ያለ ቁልፍ ቢገባ የሌሎቹ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

ከሦስቱ ጥያቄዎች ከባዱ «መሃል ማን ሊገባ ይችላል?» የሚለው ነው። ድሮ ኮምፒዩተሩ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበረው፤ ስለዚህ ብዙ ስሕተት ተደብቆ ይኖር ነበር። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር መያዝ ሲጀምር ለከርነሉ በሙሉ አንድ ትልቅ ቁልፍ ነበር ያበጀው፤ ቤቱን ሁሉ በአንድ መቀርቀሪያ እንደመዝጋት ነው። ያን ቁልፍ እያፈረሱ በትናንሽ ቁልፎች ተክተው የጨረሱት በ2011 ነበር። በ2006 ደግሞ በሐይፋ የሚገኙት የኢንቴል መሐንዲሶች የሠሩት ኮር ዱዎ ወጣና በአንዲት ቺፕ ላይ ሁለት አንጎል ተቀመጠ። ከቅርያት ማልአኪ ብዙ በማይርቀው በቅርያት ጋት ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ያሏችሁ ይህን ታሪክ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው እንግዳ ግን «ኢንተራፕት» ነው። መሣሪያው ራሱ «ስሙኝ!» ብሎ ሲጣራ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ ይነሣል፤ በእኛ ባህል ሽማግሌ ሲገባ ብድግ እንደሚባለው። እንግዳው ሳይሸኝ ወደ ሥራ መመለስ የለም። አሁን እናንተ የደብተሩን ቁልፍ እንደያዛችሁ ሽማግሌው ገብተው «ደብተሩን ሳላይ አልሄድም» ቢሉስ? እሳቸው ቁልፍ ይጠብቃሉ፣ እናንተ የእሳቸውን መሄድ ትጠብቃላችሁ፤ ሁለታችሁም እንደቆማችሁ ትቀራላችሁ። ኮምፒዩተር ደርቆ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ኢንተራፕት የሚነካውን ነገር ሲቆልፉ፣ ለዚያች አጭር ጊዜ በዚያ ፕሮሰሰር ላይ በሩንም ይዘጋሉ። ቁልፉም «ስፒንሎክ» የሚባለው፣ ጠባቂው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ዓይነት መሆን አለበት። ያን ይዞ መተኛት ክልክል ነው። ሥራው ረጅም ሆኖ ኢንተራፕት የማይነካው ከሆነ ግን ጠባቂው ተኝቶ የሚጠብቅበት «ሚውቴክስ» ይሻላል።

ይህ ሁሉ የወጣቶች ጨዋታ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ቴራክ-25 የተባለውን የካንሰር ሕክምና የጨረር መሣሪያ ታሪክ ስሙ። ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ 6 ሰዎች ከልክ ያለፈ ጨረር ደርሶባቸው ቢያንስ 3ቱ ሞተዋል። በቴክሳስ ታይለር ከተማ በ1986 የሆነውን እንይ። መሣሪያው ማግኔቶቹን ለማስተካከል 8 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ሠራተኛዋ የተሳሳተ ፊደል ጽፋ በዚያች ጊዜ ውስጥ ፈጥና ስታርም፣ አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል አዲሱን ሲያይ ሌላው በአሮጌው ቀጠለ። የጋራውን ነገር የሚጠብቅ ቁልፍ አልነበረም። ቀስ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይታይም ነበር፤ አደጋው የመጣው ሥራዋን በደንብ ለምዳ እጇ ስለፈጠነ ነው። በኋላ የመረመሩትም ስሕተቱን ደግመው ለማየት የቻሉት በዚያው ፍጥነት ሲጽፉ ነው።

ስለዚህ «ሞክሬው ሠርቷል» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ብዙ አይጠቅምም፤ ፈታኞቹም የሚጠብቁት ማሰቡን ነው። ልጆቻችሁ በሊኑክስ የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ረዳቶች አሉላቸው። ከ2006 ጀምሮ ያለው ሎክዴፕ ቁልፎች በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል ሲወሰዱ፣ አደጋው ገና ሳይደርስ ያስጠነቅቃል። በ2020 የገባው ኬሲሳን ደግሞ ሁለቱ ያለ ቁልፍ አንድ ደብተር ላይ ሲገናኙ ይይዛል። ሁለቱም የሚያዩት በሙከራው ጊዜ የተኬደበትን መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ወጣቶቹ ከእያንዳንዱ የጋራ ነገር አጠገብ የትኛው ቁልፍ እንደሚጠብቀው በግልጽ ቢጽፉ መልካም ነው። ዛሬ ማታ እራት ላይ «እንግዳው ሲመጣ ደብተሩ በማን እጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው።