ፈረሰኞቹና የሰላም ማኅበር አመሠራረት

ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከዳንግላ፣ ከጓንጓና ከሌሎቹም የአዊ ዞን ወረዳዎች የሚመጡ ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ሸልመው በሰልፍ ይገባሉ፤ ግልቢያውና ጉግሱ ይደራል። በቴሌቪዥን የሚታየው ይህ የአንድ ቀን ትርኢት ነው። ከትርኢቱ ጀርባ ግን ከ80 ዓመት በላይ የኖረና ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላትን ያቀፈ ተቋም አለ፤ ስሙም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ይባላል። አባላቱ ሠርግ ያጅባሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተቸገረ ይረዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ይህ ጽሑፍ ማኅበሩን የሚያስተዋውቀው አንድ ሐሳብ ይዞ ነው። የሰላም ድርጅት ተሰሚነቱን የሚያገኘው ከአባላቱና ከአስተዳደሩ ነው፤ የዓላማ መግለጫው የቱንም ያህል ቢያምር ይህን አይተካለትም። በመሆኑም በአዊና በአጎራባቾቹ መካከል ለሰላም የሚሠራ ድርጅት ማቋቋም የሚሻ ሰው ቢሮ ከመክፈቱ በፊት ማኅበር ማቆም ይኖርበታል።

የማኅበሩ ዕድሜ የሚቆጠረው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ያኔ ጣሊያን ከጎጃም ገና አልወጣም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ከገቡ በኋላ ነው የጠላት ጦር በአርበኞቹና አብሯቸው በዘመተው ኃይል እየተገፋ ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የሄደው። ማኅበሩ የሚዘክረውም ፈረስ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዋለውን ውለታ ነው። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት እንደተገኘ ሁሉ የማኅበሩም በዓል በጥር ጊዮርጊስ ይከበራል። ከጦር ሜዳ ትዝታ የተወለደ ማኅበር እንዴት አስታራቂ ሊሆን ቻለ? መልሱ የፈረሱ ኑሮ ውስጥ ይገኛል። በአዊ ደጋ ፈረስ ያርሳል፣ እህል ያመላልሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በለቅሶ ቀን ከባለቤቱ ጋር ሜዳ ይወጣል። ባለፈረሱም ተራው ገበሬ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ የሰበሰበው በእርሻ፣ በደስታና በኀዘን ሲገናኝ የሚኖረውን ሕዝብ ነበር። እንዲህ ያለ ስብስብ በአባላቱ መካከል የተነሣን ጠብ አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይችልም፤ ነገ በአንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን የሚጋልቡ ሰዎች ዛሬ መታረቅ አለባቸውና።

የማኅበሩ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። በወሰን ወይም በደም የተጣሉ ሁለት ሰዎች ፊት አስታራቂ ሆኖ የሚቀርበው ሰው ሁለቱም የሚያውቁት፣ በለቅሷቸው የቆመ፣ በሠርጋቸው የጋለበ ነው። ቃሉን የሚሰሙት ወረቀት ስላሳያቸው አይደለም። ቃሉን መናቅ ከማኅበር መለየትን፣ ማለትም በክፉ ቀን ብቻ መቅረትን እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ ነው። ዕድር አባሉን በምን እንደሚይዝ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተሰሚነት በሰላሙ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠራቀም ስንቅ ነው፤ ጠብ ሲነሣ ይወጣል፣ ያልተጠራቀመ ግን ከየትም አይመጣም። ብዙ የሰላም ድርጅቶች የሚወድቁት ይህን ቅደም ተከተል ስለሚገለብጡት ነው። ግጭት ሲፈነዳ ይቋቋማሉ፣ ለአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ ይቆያሉ፣ አዳራሽ ተከራይተው ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይዘጋሉ። ሕዝቡ በደኅናው ቀን ያላያቸውን በጭንቅ ቀን እንዲያምናቸው መጠበቅ ከባድ ነው።

ይህ ማለት ግን ሕጋዊ ድርጅት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሕጉ ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በግጭት አፈታትና በዕርቅ ሥራ እንዳይሰማራ ከልክሎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በመስኩ የነበሩ ብዙዎች ሥራቸውን ለመቀየር ወይም ለመተው ተገደዋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ክልከላ አነሣ። አሁን አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ፤ የበላይ አካሉም የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው በቦርድ የሚመራ ድርጅት መመሥረትም ይችላሉ፤ የቦርዱ አባላት ቁጥር ከ5 እስከ 13 ይሆናል። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ነው። የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ትርፍ ለአባላት አይከፋፈልም፣ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት በየዓመቱ ይቀርባል። ዕድር፣ ዕቁብና የመሳሰሉት ባህላዊ ተቋማት ግን ከአዋጁ ውጭ ሆነው በራሳቸው ሥርዓት ይኖራሉ።

ከሁለቱ የአመሠራረት ዓይነቶች የትኛው ለሰላም ሥራ ይስማማል? በቦርድ የሚመራ ድርጅት ለማቋቋም ቀላል ነው፤ መሥራቾቹ ቦርዱን ይሰይማሉ፣ ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ ሥራው በፍጥነት ይጀመራል። ለትምህርት ቤት ግንባታ ወይም ለጤና አገልግሎት ይህ ሊበቃ ይችላል። ለዕርቅ ግን አይበቃም፤ የተጣሉት ወገኖች መሪዎቹን አልመረጧቸውምና፣ ሲያጠፉም ሊሽሯቸው አይችሉምና። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የተቀመጠ ቦርድ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የጓንጓ ገበሬና በአጎራባቹ መተከል ዞን ያለው የዳንጉር ገበሬ «የእኔ ነው» አይሉትም። በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ማኅበር ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ስብሰባው ይበዛል፣ ቃለ ጉባኤው ይረዝማል፣ ክርክሩ ያደክማል። ነገር ግን ያ ክርክር ራሱ የሰላሙ ሥራ አካል ነው። በመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ላይ ተከራክረው መስማማት የቻሉ ወገኖች በግጦሽና በእርሻ መሬት ላይ ለመነጋገር ልምድ አግኝተዋል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። የፈረሰኞች ማኅበር የአንድ ሕዝብ ማኅበር ነው፤ በአንድ ወገን ውስጥ ያለን ጠብ ማብረድ አንድ ነገር፣ በተለያዩ ሕዝቦች መካከል የፈሰሰን ደም ማድረቅ ሌላ ነገር ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ የቅርብ ታሪክም ይመሰክርለታል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ዳንጉር ወረዳ የተቀሰቀሰው ግድያ ወደ አዊ ተሻግሮ በጃዊ ወረዳ ጉሙዞች የበቀል ሰለባ ሆኑ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። በዚያ ዓመት ከመተከል የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቻግኒ አቅራቢያ ራንች በተባለው መጠለያ ተሰበሰቡ። የሁለቱ ዞኖች ጉዳይ ምን ያህል የተያያዘ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም፤ በአንዱ የተነሣው እሳት ሌላውን ሳያቃጥል አይበርድም። ከሰባት ቤት አገው አንዱ ራሱ መተከል ነው፤ ሌሎቹ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራና ዚገም ናቸው። ይህን ማስታወስ የይገባኛል ጥያቄ ለማንሣት አይደለም። አገው፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አማራና ኦሮሞ በዚያ ምድር አብረው እንደኖሩ፣ የክልል መስመርም ጉርብትናን እንደማይሽር ለመናገር ነው።

ስለዚህ መልሱ የፈረሰኞችን ማኅበር ወደ መተከል ማስፋት ሊሆን አይገባም። ያ በጉሙዝ ዓይን የአንድ ወገን መግፋት ይሆናል። መወሰድ ያለበት አሠራሩ ነው። ጉሙዞችም ማንጊማ የሚባል የራሳቸው የዕርቅ ሥርዓት አላቸው፤ በሽማግሌዎቻቸው የሚመራ፣ ደም የሚያደርቅ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያሉ ነባር ተቋማት ማንም ለማንም ሳይገብር፣ እኩል ወንበር ይዘው የሚገናኙበት አዲስ ማኅበር ሊቆም ይችላል። ደንቡ የየወገኑን የጉባኤ መቀመጫ የሕዝብ ብዛትን ሳይሆን እኩልነትን ተከትሎ ሊወስን፣ ሊቀመንበርነቱን በየተራ ሊያዞር፣ ስብሰባውን አንድ ጊዜ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ፣ ሌላ ጊዜ በመተከሏ ግልገል በለስ ሊያደርግ ይገባዋል። የአንድ ወገን ድምፅ ብቻውን ውሳኔ ማሳለፍ እንዳይችል ማድረግም ያስፈልጋል። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ አንቀጾች ማኅበሩ የማን እንደሆነ የሚወስኑ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ሴቶችንና ወጣቶችን ይመለከታል። ነባሮቹ ተቋማት በአብዛኛው የወንዶችና የሽማግሌዎች ናቸው፤ በእነሱ ላይ የተገነባ ማኅበር ግማሹን ሕዝብ ከደጅ ያስቀራል። ይህን ለመመለስ ከድንበር ማዶ ያለችው የኬንያ ዋጂር ትጠቅመናለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎሣዎች ሲጋደሉ፣ ሠርግ ላይ የተገናኙ ሴቶች በጉዳዩ ተነጋገሩና ሥራ ጀመሩ፤ ከእነሱም አንዷ ዴካ ኢብራሂም ነበሩ። መጀመሪያ የያዙት ገበያውን ነው፤ የየትኛውም ጎሣ ሴት ያለ ፍርሃት እንድትሸጥና እንድትገዛ ኮሚቴ አቆሙ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አግባቡ፤ ሽማግሌዎቹም በ1993 አልፈታህ የተባለውን የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። ወጣቶቹ ተከተሉ። የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ በ1995 የቆመው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ከዋጂር የምንማረው ሽማግሌዎችን ገፍቶ መሄድን አይደለም፤ ሴቶች ከመሥራቾቹ መካከል ሲሆኑ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንደሚበረቱ ነው። በዳንግላና በቻግኒ ገበያ የሚገናኙት ሴቶች ከማንም በፊት የጠብ ሽታ ይደርሳቸዋል። የጉባኤው መቀመጫ በደንብ ካልተጠበቀላቸው ግን ያ እውቀት ገበያ ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በሚካሄደው ውጊያ ውስጥ ሽማግሌና ፈረሰኛ ምን ያደርጋል? ዘመናዊ ጦር መሣሪያ በምርቃት አይመለስም። ይህ እውነት ነው፤ ማኅበር የፖለቲካ ድርድርን ሊተካ አይችልም፣ እተካለሁ ብሎ መነሣትም የለበትም። ይሁን እንጂ ትልቁ ውጊያ በሚካሄድበት ጊዜ ትንንሾቹ ጠቦች አይቆሙም፤ በሕግ አስከባሪ እጦት የተነሣ ይባባሳሉ። የወሰን ጠብ ወደ ደም፣ ደሙ ወደ ብሔር በቀል የሚሸጋገርበትን መንገድ የሚዘጋው ቅርብ ያለው አካል ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት (ኢጋድ) በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አባል አገሮቹ በፈረሙት ፕሮቶኮል መሠረት መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋም አቋቁሟል። መረጃ መሰብሰቡ ትልቅ ሥራ ነው፤ መረጃው ወደ እርምጃ የሚቀየረው ግን መንግሥታት ሲፈቅዱ ነው። ቦታው ላይ ሄዶ «ተው» የሚል፣ ሲናገርም የሚሰማ ሰው በየቀበሌው ከሌለ ማስጠንቀቂያው ለሪፖርት ብቻ ይቀራል።

የቀረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የውጭ ርዳታ መቀበል ኃጢአት አይደለም፤ ሕጉም ይፈቅዳል። አደጋው ማኅበሩ በርዳታ ብቻ የቆመ እንደሆነ ነው፤ ለለጋሹ የሚያቀርበው ሪፖርት ለአባላቱ ከሚያቀርበው ይበልጥበታል። አባል ትንሽም ቢሆን መዋጮ ሲከፍል ሒሳብ የመጠየቅ መብቱን ይጠቀምበታል። መዋጮው የጉባኤውን ወጪ፣ የሽማግሌዎቹን ጉዞ፣ የዕርቁን ማዕድ ከቻለ ለጋሹ ቢሄድም ማኅበሩ ይኖራል። ርዳታው እንደ መንገድ፣ ውኃና ዘር ላሉ ሥራዎች ይዋል፤ የዕርቁ ሥራ ግን ከሕዝቡ ኪስ ይሁን። የመንግሥት ድጋፍም እንዲሁ በልክ ይሁን፤ ሹመኛ በክብር እንግድነት ይጋበዝ፣ ድምፅ ግን አይስጥ። ከወገኖቹ አንዱ «የመንግሥት ነው» ወይም «የተቃዋሚ ነው» ብሎ የጠረጠረው አስታራቂ ሥራው ያን ዕለት አብቅቷል።

በአዊም ሆነ በመተከል፣ በውጭ አገርም ሆናችሁ ለዚህ ምድር ሰላም ድርጅት ለማቋቋም የምታስቡ ሁሉ፣ ከምዝገባ ቅጹ በፊት አባላቱን ፈልጉ። ከየወገኑ በሠርግና በለቅሶ የሚታወቁትን ሰዎች፣ ገበያውን የያዙትን ሴቶች፣ ሥራ ያጡትን ወጣቶች ሰብስቡ። ደንቡን እነሱ ይጻፉት፣ መሪያቸውን እነሱ ይምረጡ፣ ሲያጠፋም እነሱ ይሻሩት። ምዝገባው ሕጉ በሚለው መሠረት በ30 ቀን ያልቃል፤ አባላትን ማሰባሰቡ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ለሥራው ጊዜ ስጡት፤ ጠብ ባልተነሣበት ቀንም ጀምሩት።